የአፈር ጉዞ፦ የካሊፎርኒያን የጠፉ የሞቶክሮስ ትራኮች ፍለጋ

ወደ ሎስ አንጀለስ ብቅ ያለ እንግዳ የሚዞርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ሆሊውድ፣ የሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር፣ ማምሻውን ደግሞ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው «ትንሿ ኢትዮጵያ»። እኔም ዘመድ አዝማድ በመጣ ቁጥር በዚሁ መስመር ስመላለስ ኖሬያለሁ። ልቤን የሰረቁት ግን አንድም የጉብኝት መጽሔት የማይጠቅሳቸው፣ አጥር እንጂ በር የሌላቸው፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ከምድረ ገጽ የጠፉ ቦታዎች ናቸው። ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በደቡብ ካሊፎርኒያ የከብት ማሰማሪያ ኮረብታዎች ላይ የነበሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ የተዘጉ የሞቶክሮስ ትራኮች። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሞቶክሮስ አስፋልት አያውቅም። እስከ አርባ የሚደርሱ ሞተሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከፊታቸው የቆመው መዝጊያ ሲወድቅ ሁሉም ባንዴ ወደ አንዲት ጠባብ ኩርባ ይወረወራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳገት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ጭቃና አሸዋ ነው፣ ዝላይ ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ አንዱ ውድድር 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ በዕለቱ ሁለት ጊዜ ይሮጣሉ፣ የሁለቱ ውጤት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ስፖርቱ የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ፣ ካምበርሊ በተባለ ቦታ በ1924 በተደረገ ውድድር ነው ይባላል። በ1957 የ500 ሲሲው ክፍል የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ለረጅም ጊዜ የቤልጂጎች፣ የስዊድኖችና የእንግሊዞች ጨዋታ ነበር፤ አሜሪካ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው የነገሩኝ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ እዚህም እንደማዘወትረው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ በ1981 በሱዳን በኩል አሜሪካ ገቡ፤ በሎስ አንጀለስ ደቡብ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን አንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። ቋንቋው ገና ስለነበር የተሰጣቸው ሥራ ሞተር ማጠብ ነው።

«ጉዱ ሰኞ ነበር» ይላሉ። «ቅዳሜና እሁድ ሲጋልቡ የሰነበቱት ሁሉ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ይደረደራሉ። ማንም ሳይነግረኝ የት እንደዋሉ አውቃለሁ። አፈሩ ይናገራላ።» ከወንዝ ዳር የመጣው ሞተር አሸዋ ስለያዘ ውኃ ሲነካው እርግፍ ይላል። ከሞሃቪ በረሃ የመጣው ላይ ምንም አይታይም፤ የአየር ማጣሪያውን ሲከፍቱት ግን ዱቄት የመሰለ አቧራ ሞልቶታል። የሚያለፋው ሳድልባክ የሚባለው ትራክ ሸክላ ነበር። በትኩስ ሞተር ላይ ተጋግሮ ስለሚመጣ ውኃ ብቻ አይበግረውም፤ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ገብተው በካቻቪቴ ይፍቁታል። ጋሼ ትራኮቹን በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት በጥፍራቸው ሥር ያውቋቸው ነበር ማለት ነው። «እንሂድና እንያቸው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ሳቁ፤ «ምኑን ልታይ? ይልቅ መኪናህን አስመርምር፤ ዳገት አለው» አሉኝ። እሺታቸው ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሲሚ ቫሊ ነው። እዚያ ኮሪጋንቪል የሚባል ቦታ አለ። ሬይ ኮሪጋን የተባለ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ በ1937 መሬቱን ገዝቶ የፊልም መንደር አደረገው። በ1948 የወጣው የ«ፎርት አፓቺ» ፊልም ምሽግ የተሠራው እዚህ ነው። በ1965 ኮሜዲያኑ ቦብ ሆፕ ገዛውና ሆፕታውን ተባለ። በ1970ና በ1979 የተነሡ ቃጠሎዎች የፊልም ቤቶቹን በልተው ጨረሱ። ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

መናፈሻው በቋጥኝ የተከበበ ነው። የባሉጥ ዛፎች ጥላ አለ፤ ከሥሩ ደርቆ የቀረ ሰው ሠራሽ ኩሬ አለ። የኩሬውን ግድግዳ ጠጋ ብለን ስናየው ካሜራ ውኃ ውስጥ ያለውን ሰው እንዲቀርጽ የተተዉት የመስኮት ቀዳዳዎች አሁንም አሉ። ወዲህ የቤት መሠረት፣ ወዲያ የሲሚንቶ ደረጃ። ከመናፈሻው በላይ ባለው ሐዲድ ባቡር ሲያልፍ ድምፁ ቋጥኙን ይመታና ይመለሳል። እኔ የፊልሙን ነገር ሳጠያይቅ ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። ጎንበስ ብለው ከእግር መንገዱ ዳር ዘገኑ፤ ጠጠር የበዛበት አሸዋ ነው። «ይሄ አያጣብቅም፤ ጎማ ይንሸራተትበታል። እዚህ የሚጋልብ ሰው ወገቡን ማወቅ አለበት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በ1966 የሁስክቫርና ሞተሮችን ወደ አሜሪካ የሚያስመጣው ኤዲሰን ዳይ የ250 ሲሲውን የዓለም ሻምፒዮን፣ ስዊድናዊውን ቶርስተን ሃልማንን አስመጥቶ እዚህ ከካሊፎርኒያ ጎበዞች ጋር አጋጠመው። የካሊፎርኒያ ሰዎች በብዛት የሚጋልቡት እንደ ትራያምፍና ቢኤስኤ ያሉ ከባድ የእንግሊዝ ሞተሮችን ነበር። ቁጭ ብለው፣ በኩርባ ላይ አንድ እግራቸውን መሬት እየጎተቱ፣ የኋላ ጎማቸውን እያንሸራተቱ ነው የሚዞሩት። ሃልማን ቀላል ሞተሩን ይዞ መጣ፤ ከኮርቻው ተነሥቶ በሁለት እግሩ ቆሞ ጋለበ። ጉብታው ሲያነሣው ሞተሩ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ እሱ አይናወጥም። ማንም አልደረሰበትም። በዓመቱ ዳይ ሮዠ ደ ኮስተርን፣ ዦኤል ሮበርን፣ ዴቭ ቢከርስን ጨምሮ አመጣ፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያለውን የአውሮፓውያኑ ቀላል ሞተሮች ጠቅልለው ወሰዱ። የአሜሪካ ሞቶክሮስ ከዚህ ቋጥኝ መሐል ነው የተነሣ ማለት ይቻላል። በመናፈሻው ውስጥ ስንዞር ስለ ፊልሙ የተጻፈ እንጂ ስለ ሃልማን አንድም ምልክት አላጋጠመንም። ደስ ያለኝም ይኸው ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ከሌላው ጎብኚ ጋር አንድ መንገድ ላይ እየሄደ ሌላ አገር ያያል።

ከሲሚ ቫሊ ወደ ሰሜን ተሻግረን 126 ቁጥር መንገድን ያዝን። መንገዱ የሳንታ ክላራን ወንዝ ተከትሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። በቫሌንሲያ አጠገብ ኢንዲያን ዱንስ የሚባሉት ትራኮች ነበሩ፤ በኒውሆል እርሻ ኩባንያ መሬት ላይ። ለፊልምና ለቴሌቪዥን ቀረጻም ያገለግል ነበር። በሐምሌ 1982 ተዋናዩ ቪክ ሞሮውና ሁለት ሕፃናት በሄሊኮፕተር አደጋ የሞቱት እዚህ፣ በ«ትዋይላይት ዞን» ፊልም ቀረጻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቦታውን የሚያስታውሰው በዚያ ክፉ ሌሊት ነው። ጋሼ ግን የሚያስታውሱት እርግፍ የሚለውን አሸዋ ነው። «የኢንዲያን ዱንስ ሞተር ሲመጣ ዕረፍት ነበር» ይላሉ።

ቆመን የምናየው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ሰፊ ሸለቆ፣ እርሻ፣ ወደ ወንዙ የሚያስገባ የተቆለፈ የብረት በር። ልመለስ ስል ጋሼ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ አፋፍ ጠሩኝ። «ና እስቲ፣ ዘመድህን ሰላም በል!» ከወገባቸው በላይ የደረሰ፣ ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፋፈለ ተክል ይዘው ቆመዋል። ጉሎ ነው። የትውልድ ቦታው የኛው ምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ጉሎ በደቡብ ካሊፎርኒያ ቦይና ወንዝ ዳር አረም ሆኖ ይበቅላል፤ የአካባቢ ጠባቂዎች ይነቅሉታል፣ እሱ ተመልሶ ይወጣል።

ጋሼ አንዱን እሾሃማ ፍሬ ቀጥፈው በጥፍራቸው ፈለቀቁት፤ ዝንጉርጉሩ ዘር ወጣ። «እንዳትቀምሰው፤ መርዝ ነው። ዘይቱ ነው እንጀራ ያበላን» አሉ። ከዚያ የነገሩኝን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የዚያ ዘመን የሞቶክሮስ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው። እንደ መኪና ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ እያለሰለሰ ያልፋል፣ ተቃጥሎ በማርሚታው ይወጣል። ለ20 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት የሚቀላቅሉ ነበሩ። ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚመርጡት ከጉሎ የተጨመቀውን ነው፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ሌላው ዘይት ሲከዳ የጉሎው ከብረቱ ላይ አይለቅም። ጣጣው ሲሰነብት እንደ ሙጫ መዝጋቱ ነው፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። ሽታው ግን ጣፋጭ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። «ሱዳን በረሃ ላይ ስንት ነገር ጥዬ መጥቼ» አሉ ጋሼ፣ «እዚህ አገር መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታ የጉሎ ሆነ። ሰፈሬ የደረስኩ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወዲያ በሄድንበት ትራክ ሁሉ ዳር ዳሩን ጉሎ ስፈልግ ነው የዋልኩት።

ሳድልባክ ለጋሼ ከሁሉ የበለጠ ቦታ ነው፤ ለእኔም ሆኗል። ከኦሬንጅ ከተማ በስተምሥራቅ የሳንቲያጎ ካንየን መንገድ ይጀምራል። ቤቶቹ ያልቁና በድንገት ገጠር ይሆናል፤ ቢጫ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ የኧርቫይን ሐይቅ፣ ከበስተጀርባ የሳንቲያጎና የሞጄስካ ተራሮች። ሳድልባክ ፓርክ እዚህ፣ በኧርቫይን ርስት መሬት ላይ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተከፈተ፣ በ1984 ተዘጋ። የውድድር ቀን ብቻ የሚከፈት ቦታ አልነበረም፤ ማንም ከፍሎ ገብቶ የሚለማመድበት፣ አባት ልጁን በትንሽ ሞተር የሚያስተምርበት፣ ዳገት መውጣት የሚፎካከሩበት መናፈሻ ነበር። ማተርሆርን የሚሉት ቀጥ ያለ ዳገት ነበረው። ባንዛይ ሂል የተባለው ቁልቁለት ደግሞ ከላይ ሲያዩት መጨረሻው አይታይም።

ቦታውን ታላቅ ያደረገው አቀማመጡ ብቻ አይደለም። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን የከፈቱት በዚሁ በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ከጃፓን የመጣ አዲስ ሞተር ከመሸጡ በፊት ተፈትኖ የሚታየው ቅርብ ባለ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሳድልባክ ደግሞ ቅርብ ነበር። በ1973 ያማሃ የቤልጂጉን መሐንዲስ የሉሲየን ቲልከንስን አሳብ ወስዶ ከኋላ አንድ አሞርዛተር ብቻ ያለው ሞተር አሰለፈ፤ ስዊድናዊው ሃካን አንደርሶን በዚያ ሞተር የ250 ሲሲውን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ፉክክሩ በሞላ ሆነ። በፊት የኋላ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ወደ 30 ደረሰ። ኮረብታው ያው ነው፤ ሰው የሚወርድበት ፍጥነት ግን ሌላ ሆነ። ድሮ ፍሬን ይያዝበት የነበረው ጉብታ መዝለያ ሆነ።

አፈሩን ደግሞ ጋሼ ይንገሩን። ዝናብ በማይጥልበት ወራት ሸክላው ይደርቃል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎማዎች ሲያልፉበት፣ በእበት ተለቅልቆ እንደከረመ የገጠር ቤት ወለል ይለሰልሳል፣ ያበራል። ውኃ ሲያርከፈክፉበት ለጥቂት ደቂቃ ሳሙና ይሆናል፤ ቆይቶ መልሶ ድንጋይ። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጉልበት ዋጋ የለውም። ነዳጁን ትንሽ ካበዙት የኋላ ጎማ ወደ ጎን ይሄዳል። ጣትን ማለዘብ የተማረ ነው የሚያሸንፈው። የካሊፎርኒያ ልጆች አውሮፓ ሄደው ዓለምን ሲያስደንቁ ይህ የተማሩበት ወለል እንደረዳቸው ጋሼ አይጠራጠሩም። በ1981 ዳኒ ላፖርቴ፣ ጆኒ ኦማራ፣ ዶኒ ሃንሰንና ቸክ ሰን የአሜሪካን ቡድን ይዘው የብሔሮችን ዋንጫ አውሮፓ ውስጥ ወሰዱ። አገራቸው ዋንጫውን እስከ 1993 ድረስ ለአሥራ ሦስት ተከታታይ ዓመታት አላስነካችም። በ1982 ብራድ ላኪ የ500 ሲሲው የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ።

«አንድ ቅዳሜ የጋራዡ ባለቤት 'የምታጥበውን ነገር ምንጭ ና እይ' ብሎ ወሰደኝ» አሉ ጋሼ፣ መኪናውን ዳር አስይዘን ከአጥሩ ማዶ እያየን። «ከባንዛይ ሥር ቆምኩ። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከዚያ ሰው ከሰማይ መውረድ ጀመረ። አንዱ አልፎ ሌላው። እኔ በሕይወቴ ከሰማይ ሲወርድ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ደንግጬ ጎንበስ አልኩ። ሰውየው ስቆ ትከሻዬን ያዘኝ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ብርቱካን ላጠችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ተኛሁ ብልህ ታምናለህ?» አምናለሁ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አላብራሩም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ኮረብታ ላይ በሣሩ መካከል ገርጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የትኛው የከብት መንገድ፣ የትኛው የውኃ ቦይ፣ የትኛው የሞተር እንደሆነ መለየት የሚቻለው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው፤ ያኔ ጥላ የገባበት ቦረቦር ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ጋሼ በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ አንዱን መስመር ተከተሉ፤ «እዚህ ጋ ይዞራል፣ እዚህ ጋ ይዘላል፣ እዚህ ጋ ነው ሰንሰለት የሚበጠስባቸው» አሉ። ዓይኔ እየለመደ ሲሄድ እኔም ማየት ጀመርኩ። በዚህ አካባቢ በ2020 ሲልቬራዶ የተባለው ቃጠሎ ተነሥቶ ነበር። ቁጥቋጦ ሲቃጠል ምድር እርቃኗን ትቀራለች፤ አሮጌ መንገድ የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር ከእሳት ማግስት የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ስለ ትራኮቹ መዘጋት ሰው ሁሉ የየራሱን ተጠያቂ ይጠራል። የመድን ክፍያ ናረ ይላል አንዱ፤ ጎረቤት በጩኸቱ ከሰሰ ይላል ሌላው። ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከሥሩ ያለው ግን ቀላል ነው። በኦሬንጅ ካውንቲ በ1960 የነበረው ሕዝብ 700 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1980 ወደ 1.9 ሚሊዮን ደርሷል። ትራኮቹ የተሠሩበት መሬት አብዛኛው የተከራየ ነው። ባለርስቱ ከብት ማርባት አላዋጣው ሲል፣ ቤት ሠርቶ የሚሸጥበት ጊዜ ገና ሳይደርስ፣ በመሐል ላይ ለሚጋልብ ሰው አከራየው። የሞቶክሮስ ዘመን ማለት ያ መሐል ላይ ያለው ጊዜ ነው። በሬው ወጥቶ ቤት ገዢው እስኪገባ ድረስ የቆየ ጨዋታ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ሩቅ ተረት አይደለም፤ ኳስ የተጫወትንባቸው ሜዳዎች ዛሬ ስንት ፎቅ እንደሆኑ እናውቃለን።

ይህ ነገር ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ደግሞ ካርልስባድ ላይ ነው። ካርልስባድ ከሎስ አንጀለስ 145 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ያለ ከተማ ነው። ካርልስባድ ሬስዌይ በ1964 የተከፈተው ለመኪና ፍጥነት ውድድር ነበር፤ ሞቶክሮሱ ከጎኑ ባለው ኮረብታ ላይ ተሠራ። ከ1973 እስከ 1986 የአሜሪካ የ500 ሲሲ ግራንድ ፕሪ የተካሄደው እዚሁ ነው፤ የኤቢሲ ቴሌቪዥን ስላሳየውም ሞተር ነክቶ የማያውቀው አሜሪካዊ ሁሉ ቦታውን አወቀው። ደረቅና ሻካራ ቁልቁለቱን ተወዳዳሪዎች «ፍሪዌይ» ይሉት ነበር። በዚያ ፍጥነት ሲወርዱ ጎማ መሬት የሚነካው አልፎ አልፎ ነው።

ካርልስባድን አብዝቶ ያሸነፈው ሆላንዳዊው ኸሪት ቮልሲንክ ነው፤ ከ1974 እስከ 1979 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ አሸንፏል። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነው። አሜሪካውያን በገዛ ኮረብታቸው ላይ በየዓመቱ አውሮፓዊ ሲሸለም ያያሉ። በ1980 ማርቲ ሞትስ የተባለ የአካባቢው ልጅ፣ የፋብሪካ ቡድን የማይደግፈው፣ ያማሃ ይዞ መጥቶ አሸነፈ። ያን ግራንድ ፕሪ የወሰደ የመጀመሪያው አሜሪካዊ እሱ ነው። ጋሼ አሜሪካ የገቡት በዓመቱ ቢሆንም ወሬው ገና አልበረደም ነበር፤ በጋራዡ ግድግዳ ላይ የሞትስ ፎቶ ተለጥፎ ደርሰውበታል።

ካርልስባድ በ2004 ተዘጋ። ዛሬ የቢሮና የመጋዘን መንደር ነው። ሳድልባክ ቢያንስ ኮረብታ አለው፤ እዚህ ዶዘር መሬቱን ደልድሎ ለጥ አድርጎታል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመን አንድ የድሮ የአየር ፎቶ ከስልኬ ካርታ ጋር ማስተያየት ጀመርን። የመኪናው መሮጫ በዚህ በኩል ከሆነ ኮረብታው በዚያ ነው፤ መነሻው እዚህ፣ ኩርባው የዚያ ሕንፃ መግቢያ ላይ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፤ ከሣሩ ጠርዝ ላይ አፈር ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ የሱ አይደለም» አሉ። «ይሄ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ለአበባ የሚሆን።» አንድ ትራክ ጠፋ የምንለው መቼ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አጥር ቢታጠር፣ ሣር ቢውጠው፣ ከብት ቢመለስበት አልጠፋም። አፈሩ ሲለወጥ ጠፋ።

ይህን ስል አፈር ከውጭ ተጭኖ የሚገባባቸው ስታዲየሞች ትዝ ይሉኛል። በሐምሌ 1972 ማይክ ጉድዊን የተባለ አዘጋጅ በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም፣ ኋላ ኢትዮጵያ ያልተካፈለችበት የ1984 ኦሎምፒክ በተደረገበት ስታዲየም ውስጥ፣ በጭነት መኪና አፈር አስገብቶ ሰው ሠራሽ ትራክ ሠራ። ማርቲ ትራይፕስ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ አሸነፈ። ሱፐርክሮስ የሚባለው ጨዋታ ከዚያ አደገ፤ ዛሬ ብዙ ሕዝብ የሚያየው እሱን ነው። ወንበር አለ፣ መብራት አለ፣ አቧራ አይበዛም። ውድድሩ ሲያልቅ አፈሩ ተጭኖ ይወጣል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ነገር ግን በየትኛውም ከተማ ብታየው አንድ ነው። ሳድልባክን የሠራው ሳድልባክ ነበር፤ ኮረብታው «በዚህ ውጣ፣ በዚህ ውረድ» አለ፣ ሰው ታዘዘ።

አሁንም በሕይወት ያለ አፈር ማየት ለሚፈልግ ሰው ሳን በርናርዲኖ አጠገብ፣ በካሆን መተላለፊያ ግርጌ፣ ግሌን ሄለን አለ። በ1980ዎቹ የተከፈተ ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ዳገቱ ከታች ሲያዩት አንገት ያሳምማል። በየመኸሩ ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች የሚፎካከሩበት የዓለም የአንጋፎች ውድድር ይደረግበታል። ጋሼን ይዤ የሄድኩት በዚያ ሰሞን ነው። ነጭ ፂም ያላቸው ሰዎች የድሮ ማይኮና ሁስክቫርና ሞተሮች እየገፉ ወደ መነሻው ሲሄዱ አየን። አንዱ ሞተሩ እምቢ ብሎት ሲታገል ጋሼ ሳይጠሩ ተጠጉ፤ ካንዴላውን ፈትተው አዩት፣ አሸተቱት። «ጉሎ ነው የምትጠቀመው» አሉት በእንግሊዝኛ። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። «ሌላ ነገር አስገብቼበት አላውቅም» አለ። ካንዴላውን ጠርገው መለሱለት፤ ሞተሩ ተነሣ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ሳድልባክ ሸክላ ነበር፤ ሰውየውም በልጅነቱ እዚያ ይጋልብ ነበርና።

ይህን መንገድ መሄድ ለሚፈልግ አንባቢ የምለው አጭር ነው። ለኮሪጋንቪል ጠዋት ሂዱ፤ ቋጥኙ ከረፋድ በኋላ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ለሳድልባክ ግን አመሻሽ ላይ፣ ጥላው ሲረዝም። አጥር አትዝለሉ፤ ከመንገዱ ዳር የሚታየው ይበቃል። ካርልስባድ ላይ ፎቶ ሳትይዙ አትሂዱ፤ ያለ ፎቶ የምታዩት ቢሮ ብቻ ነው። ግሌን ሄለን ስትደርሱ ከአጥሩ ጥግ ሳይሆን ሞተር ከሚጠገንበት ጋ ቁሙ፤ ወሬው ያለው እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በየሰፈራችሁ የቀረ ሜዳ ካለ ዛሬውኑ ሂዱበት። በእግራችሁ ለኩት፣ ፎቶ አንሡት፣ ማን ምን እንደተጫወተበት ከሽማግሌ ጠይቁና ጻፉ። የትራኮቹን ባለቤቶች፣ አዘጋጆቹንና ሻምፒዮኖቹን ታሪክ መዝግቧቸዋል። የቦታዎቹን ጠባይ የሚያውቁት ግን ሲያጥቡ፣ ሲፍቁና ሲጠርጉ የኖሩት ናቸው፤ እነሱን ማንም ሄዶ አልጠየቃቸውም። ጋሼ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ይዘው የኖሩት ጠያቂ ስላልመጣ ነው።